የግርጌ ፊደላት

በ1976 ዓ.ም. ጎባ ውስጥ ታይፒስት ሆኜ ስቀጠር አለቃዬ አቶ ዘውገ የሰጡኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ፊደሌን እንዳላኖር ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ያኔ አንድ የመንግሥት ደብዳቤ ተጽፎ ሲያልቅ፣ ከግርጌው በስተግራ ያረቀቀው ኃላፊና የጻፈችው ታይፒስት የስማቸው መነሻ ፊደላት ይቀመጡ ነበር፤ ስሕተት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ እንዲታወቅ። እኔ ዙቤዳ ወዚር ስለሆንኩ «ዙወ» ማለት ነው። አቶ ዘውገ ግን የጊዜያዊ ሠራተኛ ፊደል ደብዳቤ ላይ ምን ይሠራል ባይ ነበሩ። ሃያ ዓመቴ ነው፣ ከገሰራ ከመጣሁ ሳምንት አልሞላኝም፣ እሺ አልኩ። በአፌ እሺ ብዬ በሆዴ መቃጠል ያን ጊዜም ልማዴ ነበር።

ውሌ እስከ ሰኔ ሠላሳ ብቻ ነው። ሰኔ ሠላሳ የበጀት ዓመቱ ያልቃል፤ ከእሱ ጋር የጊዜያዊ ሠራተኛም እንጀራ ያልቃል። አባቴ ገሰራ ገበያው ዳር ሱቅ አለው። ወደ ጎባ ሲሸኘኝ የነገረኝ አጭር ነበር፤ እስከ ሰኔ ቋሚ ከሆንሽ ሥራሽን ያዢ፣ ካልሆንሽ ሱቁ ሰው ይፈልጋልና ትመጫለሽ። ክፉ አባት አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስጨረሰኝ፣ ሻሸመኔ ሰድዶ ታይፕ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሱቁንም አልጠላውም። ግን ዓይኔን ከረቂቁ ሳላነሳ በአሥር ጣቴ መጻፍ ከቻልኩ በኋላ ጨውና ላምባ እየሸጥኩ ማርጀት አሰኘኝ ብል ውሸት ነው። ጎባ መቅረት ፈልጌ ነበር፤ በጣም ፈልጌ ነበር።

ሁለት ወር ያህል እንደሠራሁ፣ ከክፍለ ሀገሩ አስተዳደር አንዲት ደልደል ያሉ ሴት አንድ ደብዳቤዬን ይዘው መጡ። አቶ ዘውገን በግማሽ አንገታቸው ሰላም ብለው አለፉና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ወይዘሮ የሺሃረግ ናቸው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ታይፕ ላይ የተቀመጡ፣ የጎባ ታይፒስቶች ሁሉ ታላቅ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አሉኝ።

ስሕተት የተገኘብኝ መስሎኝ ክው ብዬ የእኔ ነው አልኩ።

«ኅዳጉ ልክ፣ መስመሩ ልክ፣ አንድ ፍቅ የለበትም። ግርጌው ግን ባዶ ነው። ማን እንደሆንሽ ካልታወቀ ማን ይፈልግሻል ልጄ?»

ከነገ ጀምሮ እንዳኖር፣ አለቃዬ ከጠየቁኝም እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ እንድል ነግረውኝ ሄዱ። እኔም አኖርኩ። አቶ ዘውገ ከፊርማቸው በታች ያለውን አያዩም ነበርና አንድም ቀን አልተናገሩኝም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ሁሉ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ድሮ ጉዳዩን ብቻ ነበር የማየው፤ አሁን ገና ፖስታው ሲከፈት ዓይኔ ወደ ግርጌው ይሮጣል። ከሮቤ የሚመጣው ላይ «አቱ» የምትባል አለች፤ ሠንጠረዥ ስትሠራ የምታስቀና። ከገሰራ የሚመጣው ላይ «ዙዲ» አለች፤ ማሽኗ «መ»ን ከመስመር ከፍ እያደረገ ያስቸግራታል፣ እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም። አንድ ቀን «አቱ» በመለሰችልኝ ግልባጭ ጀርባ ላይ በእርሳስ፣ ካርቦኑ ሲደበዝዝ ከላይ ወደ ታች ገልብጪው፣ ሌላ ወር ይሠራል ብላ ጻፈችልኝ። ሞከርኩት፣ ሠራ። በማግስቱ በሄደላት ደብዳቤ ጀርባ ላይ አመሰገንኳት። እንዲህ እያልን በመንግሥት ወረቀት ጀርባ ወዳጅ ሆንን።

ሰው ሰብስቦ ማውራት ያኔ ፈቃድ ይፈልጋል። ቀበሌ ትሄጃለሽ፣ አጀንዳ ትጠየቂያለሽ፣ ከዚያ አንድ ካድሬ መጥቶ ሁለት ሰዓት ንግግር ያደርግልሻል። ሰልፍ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ የሺሃረግ ቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሲያድል፣ የባንኩም የሆስፒታሉም የፍርድ ቤቱም ታይፒስቶች እንሰለፋለን። ተራ የሌላት ጓደኛዋን አጅባ ትቆማለች። ተራችን ደርሶ ወሬው ካላለቀ ከኋላችን ያሉትን እናሳልፋለን። ባለሱቁ ዘይነዲን ስኳር ፊት ቆሞ ተራውን የሚለቅ ሰው በዕድሜው አይቶ አያውቅምና፣ ስኳሩ ውስጥ አንድ ነገር ያየን መስሎት ጆንያውን ደጋግሞ ይመረምር ነበር።

ወሬው ታዲያ የሥራ ወሬ ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት ቦታ ሊከፍት ነው፣ አዲስ አበባ የትኛው ሥልጠና መጥቷል፣ የትኛው አለቃ በፈተና ላይ ምን ይጠይቃል። ወይዘሮ የሺሃረግ አንድ ሕግ አውጥተው ነበር። ወንዶቹ ሥራ የሚፈላለጉት ቢራ ቤት ነው ይላሉ፤ እኛ ቢራ ቤት አንሄድም፤ ግን ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያውን የምንጽፈው እኛ ነን፤ ታዲያ በገዛ ጣታችን የጻፍነውን ከሁሉ በኋላ ሰሌዳ ላይ የምናነበው ምን ሆነን ነው? ስለዚህ ማስታወቂያ የጻፈች ለሁሉም ትናገራለች። የምትናገረው ለጠጄ ነው። ጠጄ የስልክ ማዞሪያው ላይ ትሠራለች፤ ለእሷ የተነገረ ነገር በግማሽ ሰዓት ጊኒር ይደርሳል።

ግንቦት መጨረሻ ላይ ሕጉ እኔ ላይ መጣ። አንድ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አቶ ዘውገ ረቂቅ አመጡልኝ፤ የራሳችን መሥሪያ ቤት ቋሚ ታይፒስት ሊቀጥር ነው። ማስታወቂያው ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይለጠፋል፤ ምዝገባው ሰኞ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ለማን እንደታሰበ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። የባለቤታቸው ታናሽ እህት፣ ሽቶ የምትባል ልጅ፣ ከጎኔ ተቀምጣ ታይፕ መማር ከጀመረች ወር ሆኗታል። ደግ ልጅ ናት፣ ከቤት ቆሎ ታመጣልኛለች፣ የምትጽፈው ግን ገና በአንድ ጣት ነው።

ማስታወቂያውን ጻፍኩና እጄን ስልኩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። እውነቱን ልናገር፤ ላለመደወል ዳድቶኛል። ካልደወልኩ ተወዳዳሪዬ ሽቶ ብቻ ናት፤ ከደወልኩ የሚመጡት ከእኔ የሚሻሉት ናቸው። ወይዘሮ የሺሃረግ ቅዳሜ ሰልፍ ላይ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ታየኝ። ተበሳጭቼ ደወልኩ። ጠጄ የምበሳጭበት ምክንያት ስላልገባት ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀችኝ፣ ስልኩን ዘጋሁባት።

ሰኞ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ላይ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል። አቶ ዘውገ ከደረጃው ላይ ቆመው ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ሰሌዳው ተመለከቱ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማን ሊያነበው እንደቻለ ዘበኛውን ሲጠይቁት፣ ዘበኛው አንድ ፍየል ብቻ እንዳየ ነገራቸው።

ፈተናው በሳምንቱ ሆነ። «አቱ»ን ያን ቀን በዓይኔ አየኋት። በሐሳቤ ቀጭን፣ ባለመነጽር፣ ዝምተኛ አድርጌያት ነበር። የመጣችው ግን የሮቤን ጭቃ እስከ ባቷ ይዛ፣ ግቢውን በሳቋ የምትሞላ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ አሰገደች ቱሉ። «ዙወ አንቺ ነሽ?» ብላ አቀፈችኝ፤ እሷ ደግሞ እኔን አሮጊት አድርጋኝ ኖሯል። ስምንት ዓመት ሮቤ ሠርታለች። ባሏና ሦስት ልጆቿ ጎባ ናቸው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ በሰዓት እላፊ ስለሚዘጋ ከሥራ ወጥታ አትደርስም፤ ሮቤ አክስቷ ቤት እያደረች ልጆቿን የምታያቸው እሑድ እሑድ ነው። ይህን ስትነግረኝ አዘንኩላት፣ ደግሞም ከፋኝ። ከሚያሳዝን ሰው ጋር መወዳደር ከባድ ነው።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። አንዱ አቶ ዘውገ። ሁለተኛው የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ አቶ ጉቱ፤ በጽሑፍ ያልመጣ ነገር ለአቶ ጉቱ የለም፤ ሚስታቸው ምሳ ደርሷል ሲሏቸው በደብዳቤ አሳውቂኝ ይላሉ እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር። ሦስተኛው ሁልጊዜ መጨረሻ ከተናገረው ሰው ጋር የሚስማሙ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። አቶ ዘውገ መመሪያውን አነበቡ፤ ለእያንዳንዳችሁ ቁጥር ተሰጥቷል፣ ወረቀቱ ላይ ከቁጥር በቀር ስምም ምልክትም ማኖር ክልክል ነው። ረቂቁም ታደለ። «ይህን ደብዳቤ በተሟላ የደብዳቤ ሥርዓት ጻፉ» ይላል።

ጻፍን። እንዴት እንደጻፍን ብትሰሙ፤ አሥራ አንድ ማሽን አንድ ክፍል ውስጥ ሲንጫጫ ጣራው ላይ የሚዘንበው ዝናብ እንኳ አልተሰማንም። ጨረስኩ፣ ወረቀቱን ከማሽኑ መዝዤ አስረከብኩ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በማግስቱ ሽቶ ቆሎውን ሳትይዝ መጣች። ፊቷ ቀልቷል። ማታ እራት ላይ የእህቷ ባል ሲናገሩ ሰምታ ነው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ወድቀዋል፤ ወረቀታቸው ግርጌ ላይ የስማቸውን ፊደል አኑረዋል። የቀሩት እሷና ጉሉማ የሚባል የመጋዘን ጠባቂ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ያላኖሩት ገና ልማዱ ስለሌላቸው ነው። ነገ አራት ሰዓት ላይ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል።

«ወላሂ እኔ እንዲህ ሆኖ አልፈልገውም» አለችኝ። እኔ ግን አልሰማኋትም፤ የገዛ ጣቶቼን እያየሁ ነበር። ክልክል ነው ሲባል በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ግን ደብዳቤ ሲያልቅ እጄ ራሱ ወደዚያ ይሄዳል፤ መሄዱንም አላየሁትም። የዘጠኛችንም እጅ እንዲሁ ሄዷል። ሥራ አዋቂ የሆነ ሁሉ ወድቆ ሥራ የማያውቅ ብቻ አለፈ። ብቻዬን ብሆን አለቅስ ነበር፤ ሽቶ ግን ቀድማኝ ስታለቅስ እኔ ማባበል ያዝኩ።

ወይዘሮ የሺሃረግ ጋ ሮጥኩ። ሲሰሙ ተቆጡ፣ ቀጥሎ ፊታቸው ፈካ። ከአምስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መመሪያ በስቴንስል ያባዙት እሳቸው ናቸው፤ ያረቀቀውና የጻፈው ሠራተኛ መነሻ ፊደላት ግርጌው ላይ ካልሰፈረ ደብዳቤው የተሟላ አይባልም የሚል። ፈተናው ደግሞ የተሟላ ደብዳቤ ጻፉ ነው ያለው። ሁለታችን አቶ ጉቱ ቢሮ ሄድን። አቶ ጉቱ በትዕግሥት አዳመጡንና፣ መመሪያው ነገ እስከ አራት ሰዓት በጽሑፍ ከቀረበላቸው እንደሚቀበሉት፣ ካልቀረበ ግን አለ የተባለ መመሪያ ለእሳቸው የሌለ መመሪያ መሆኑን ነገሩን።

የእኛ መሥሪያ ቤት ቅጂ መዝገብ ቤት ነው፤ የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ አቶ ዘውገ ኪስ ነው። የአስተዳደሩ ቅጂ መመሪያው በመጣበት ዓመት ክረምት ጣራ አፍስሶበት በስብሷል። ስለዚህ ጠጄን ያዝን። ጠጄ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመንግሥትን ስልክ እንዴት አድርጋ እንዳሰለፈችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ። ዲንሾ ተጠየቀ፣ የለም። ጊኒር ተጠየቀ፣ ፋይሉ ለኦዲት ሄዷል። ሮቤ አሰገደች ሁለት ሳጥን ገልብጣ አጣች። አሥር ሰዓት ላይ ገሰራ ተገኘ። «ዙዲ» ማለት ዙህራ ዲኖ ኖራለች፤ አራስ ስለሆነች ለፈተናው እንኳ አልመጣችም፤ ግን ጠጄ ስትነግራት ሕፃኑን ታቅፋ ከቤቷ ወደ ቢሮ ሄዳ መዝገብ ቤቱን አስከፍታ አወጣችው። በስልክ ድምፅዋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ስነግራት ሳቀች፤ ሳሙና የምትገዛው ከአባቴ ሱቅ ነው።

መመሪያው በጧቱ አውቶቡስ ሾፌር ኪስ ከገሰራ ተነሳ፣ ሮቤ አሰገደች ተቀበለችው፣ የጤፍ ጭነት ላይ ተቀምጣ ጎባ ይዛው ገባች። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ወይዘሮ የሺሃረግ ኮሚቴው ፊት አኖሩት።

አቶ ጉቱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ማኅተሙን መስኮት ላይ አቅንተው አዩት። ከዚያ ዘጠኙ ወረቀቶች በመመሪያው መሠረት የተሟሉ መሆናቸውን፣ ሁለቱ ግን በግርጌ ጉድለት አምስት አምስት ነጥብ እንደሚቀነስባቸው አስታወቁ። አቶ ዘውገ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ፊደላቱ ካሉ የማን ወረቀት እንደሆነ ይታወቃል፣ አድልዎ ይመጣል አሉ። ከእሳቸው አፍ አድልዎ የሚል ቃል መስማት ደስ ይል ነበር። አቶ ጉቱ መቀስ አስመጡና ማስመሪያ አስደግፈው የአሥራ አንዱንም ወረቀት ግርጌ ቆርጠው ፖስታ ውስጥ አሸጉት። የንብረት ክፍል ኃላፊው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ።

እስከዚህ ድረስ የማላፍርበት ታሪክ ነው። ቀሪው ያሳፍረኛል፤ ግን እሱን ካልተናገርኩ ሌላው ምን ዋጋ አለው።

ሰኔ ሃያ አምስት ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ዘውገ የሚጻፍ ረቂቅ አመጡልኝ። ውጤቱ ነው። ወይዘሮ አሰገደች ቱሉ ሰማንያ ሰባት ነጥብ አግኝታ ተመድባለች። ወይዘሪት ዙቤዳ ወዚር ሰማንያ አምስት፤ ሁለተኛ፣ ተጠባባቂ። የምድቧን ደብዳቤ እንድጽፍላት የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ተጠባባቂ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማንም የማይጠራው ሰው ማለት ነው። ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንድ ፍቅ የለበትም፤ በዚያ ላይ እንኳ ኩራቴ አልለቀቀኝም። አቶ ዘውገ ፈርመው መለሱልኝ፣ መዝገብ ቤት ወስጄ ቁጥርና ማኅተም ማስመታት ነበረብኝ።

መሳቢያዬን ከፈትኩና ከነግልባጩ አስገባሁት።

ነገ ይሄዳል አልኩ። ነገ ሲሆንም ነገ አልኩ። ልቀድ አላሰብኩም፣ ላጠፋ አላሰብኩም፤ ለሁለት ቀን፣ ለሦስት ቀን ያ ወንበር የማንም እንዳይሆን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ጠጄም እኔ ጋ ስትደውል ገና አልወጣም አልኳት። ቅናት እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ አንድ መሳቢያ ይበቃዋል።

ሰኔ ሃያ ስምንት ጧት አሰገደች መጣች። ዝናቡ አበስብሷታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየኋት። ውጤቱ እንደተወሰነ ከአቶ ጉቱ ሰምታለች፤ ደብዳቤው ግን ሮቤ አልደረሰም። ቦርሳዋን ከፈተችና በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች።

«ይህን ካየሽ ለምን እንደቸኮልኩ ይገባሻል» አለችኝ።

የሮቤው መሥሪያ ቤቷ ለእኛ መሥሪያ ቤት የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ ራሷ ጽፋዋለች። የታይፒስታችንን መልቀቅ ተከትሎ በፈተናው በተጠባባቂነት የተያዘችው ወይዘሪት ዙቤዳ ወዚር በቦታዋ እንድትተካልን እንጠይቃለን ይላል። አለቃዋን በፈተናው ሰሞን ነው የያዘቻቸው፤ እኔ ካለፍኩ ዙወን ትወስዳላችሁ፣ አለዚያ ፋይሉን አላስረክብም ብላ። አለቃዋም በመጨረሻ እሺ ብለዋል። የምድቧ ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ግን ባዶ ቦታ ሆኖ ቀርቷል፤ እሱን ሳያዩ አይፈርሙም። ሰኔ ሠላሳ ካለፈ ደግሞ ወንበሩ ከአዲሱ በጀት ይሰረዛል።

«አንቺ የጻፍሽው ደብዳቤ አይዘገይም ብዬ እኮ ነው ዝም ብዬ የጠበቅኩት» አለችኝ።

ስሜ ወረቀቱ ላይ አለ። ምክንያት ብፈልግ አላጣም ነበር፤ ማኅተሙ ጠፍቶ ነበር፣ የመዝገብ ቤቱ ሰው ታሞ ነበር ማለት ይቻላል። አልቻልኩም። መሳቢያውን ሳብኩና ደብዳቤዋን ሰጠኋት።

ቀኑን አየች። ሃያ አምስት ይላል። ከዚያ እኔን አየች።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አልኳት። «ቀንቼብሽ ነው።»

ሽቶ ከጎኔ መጻፏን አቆመች። ምን ቢመጣ እንደምቀበለው ለራሴ ነገርኩ፤ ሄዳ ለአቶ ዘውገ ብትነግር እውነቷን ነው፣ ለወይዘሮ የሺሃረግ ብትነግር ደግሞ ያ ይብሳል።

«ሦስት ቀን?» አለች አሰገደች።

«ሦስት ቀን።»

«እኔ ብሆን ሳምንት አስቀምጠው ነበር» አለችና እርጥብ ነጠላዋን ጨመቀች። «ተነሽ አሁን፣ ሁለት ቀን ነው ያለን።»

መዝገብ ቤት ቁጥር አስመታን፣ ማኅተም አስመታን። ሽቶ ሳንጠይቃት ሮጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ወደ ሮቤ የሚሄድ ዋዝ መኪና አስቆመችልን። መንገዱን ሁሉ አሰገደች ስለማሽኗ ጠባይ ነገረችኝ፤ ጧት ሲበርዳት ሪባኗ እንደሚጣበቅ፣ አለቃዋ ከምሳ በፊት እንደማይፈርሙ፣ የትኛው መስኮት ንፋስ እንደሚያስገባ። ስለ መሳቢያው አንድ ቃል አላነሳችም፤ እስከ ዛሬም አላነሳችም። እኔ ነኝ የማነሳው፣ እሷ ትስቃለች።

አለቃዋ ከምሳ በፊት አልፈረሙም። እስኪበሉ ከቢሯቸው ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅን። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰው ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ ከጎባ ስልክ እየደወለች ጆሯቸውን ያደነቆረችው ጠጄ ምንሽ ናት ብለው አሰገደችን ጠየቁ፣ ፈረሙ።

ወደ ደረጃው ወጣሁና እንባዬ መጣ። የደስታ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹ ሐፍረት ነው። አሰገደች ከጎኔ ቆማ ቦርሳዋን ስትዘጋ ዘበኛው ጠጋ ብሎ አየኝ።

«ማል ታቴ?» አላት፤ ምን ሆና ነው ማለቱ ነው።

«ሥራ አግኝታ ነው» አለችው አሰገደች።